የእሜቴ ሐምራዊ ልጅ

ሰው የማይበላባቸው ሳህኖች አሉ። ከመዳፍ እምብዛም አይሰፉም፤ ክዳን አላቸው፤ ፕላስቲክ ቢሆኑም እንደ መስታወት ወለል አድርገው ያሳያሉ። በውስጣቸው የሚረጋው መረቅ የሚሰናዳው ለባክቴሪያ ነው። እትዬ ሳህን ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ሳህኖች ነው። መጀመሪያ በቀልድ የወጣላት ቅጽል ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን በቤተ ሙከራው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ጠፋ።

ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች። የዝግጅት ክፍሉ ሁለት ሰው ሲገባበት ትከሻ ለትከሻ የሚያጋፋ ጠባብ ክፍል ነው። በመስኮቱ ሥር የማጠቢያ ገንዳ፣ ከጎኑ ሚዛንና የዱቄት ብልቃጦች፣ በሩ ጥግ ደግሞ ሁሉም «ጉልቤው» የሚለው አውቶክሌቭ አለ። ጉልቤው በታፈነ እንፋሎት ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ ድራሹን የሚያጠፋ ትልቅ የብረት ድስት ነው፤ መንጻት ያለበትም መጣል ያለበትም በእሱ ሆድ ያልፋል። እትዬ ሳህን መረቁን ከጉልቤው አውጥታ እስኪበርድ ትጠብቃለች። መብረዱን የምታውቀው ጠርሙሱን ጉንጯ ላይ ለጠፍ አድርጋ ነው። «ቴርሞሜትር እኮ አለ» ሲሏት፣ «ጉንጬ አይሰበርም» ትላለች። ከዚያ ነበልባሉ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ የሳህኑን ክዳን ገርበብ እያደረገች፣ አንድም አረፋ ሳታስነሳ ትቀዳለች። አረፋ የገባበት ሳህን ካየች ቀኑን ሙሉ ቅር ሲላት ይውላል።

ወደዚህ ቤት የገባችው ብርጭቆ ለማጠብ ነበር። ያኔ ገና ሙሽራ ነች። ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁማ አንድ ልብስ ሰፊ አግብታ ነበር። ብዙ አትናገርም፤ ሰው ሲያያት ዓይኗን ትሰብራለች፤ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም። የቀድሞው ኃላፊ ያንን እጅ አይተው አጭር ሥልጠና አስላኳት፤ ስትመለስ ከገንዳው ወደ ነበልባሉ ተሻገረች። ልጆቿን አሳድጋ የዳረችው፣ ጸጉሯም የሸበተው እዚያው ነበልባል አጠገብ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የእሜቴ ጠባቂ ነች።

እሜቴ ሰው አይደሉም። ከአፈር የወጡ ባክቴሪያ ናቸው። ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሌሊቱን ሳህኑን ወረው ሲያድሩ፣ እሜቴ ረጋ ብለው፣ ቀናት ወስደው፣ ክብ ክብ ጥቃቅን መንደሮች ይመሠርታሉ። ከዚያ ላያቸው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ልብስ ይደርባሉ። ክዳኑ ሲነሳ ደረቅ መሬት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሚሸተው ሽታ ክፍሉን ያውደዋል። ይህን ሁሉ ክብር አይቶ ነው አንድ ቀልደኛ ተማሪ «እሜቴ» ያላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም «አንቺ» ሊላቸው አልደፈረም። «እሜቴ ዛሬ ነቅተዋል?» «ገና ናቸው፤ ብርዱ ተሰምቷቸዋል» ይባባላሉ፣ ደህና የተማሩ ሰዎች።

እሜቴ ቀይ ነገር ያመነጫሉ። ከመንደሮቻቸው ሥር ይወጣና መረቁን ያቀላዋል። ይህ ቀይ ነገር ሌሎች ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ በአፈር ውስጥ ጎረቤት ሲበዛባቸው የሚከላከሉበት መሣሪያቸው ነው። እንዴት እንደሚሠራ የአሁኑ ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ አንድ ጊዜ አስረድተዋታል። ከሲታና ጭንቀታም ሰው ናቸው፤ ሲያስረዱ ግን ፊታቸው ይፈታል።

«የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው» አሏት። «በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች ይበሏቸው። በተርታ ይቆማሉ። አንዱ ከወዲያኛው ይቀበላል፣ አንድ ነገር ይቀጥልበታል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። አንዱ ያጥፋል፣ አንዱ ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ ቀዩ ይወጣል።»

«እንደ ልብስ ስፌት ቤት ነዋ» አለች እትዬ ሳህን።

«ልክ እንደሱ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ሙያ ደግሞ በእሜቴ ጂን ውስጥ ተጽፏል። ጽሕፈቱ ሲገለበጥ ከተሳሳተ ሠራተኛውም ይለወጣል።»

ደንቡ ቢሆን የእሜቴ ዋና ዘር በበረዶ ቤት ተቀምጦ፣ በተፈለገ ቁጥር ከዚያ እየተወሰደ መዝራት ነበር። ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶው እየቀለጠ አስቸገረ። በዚህ የተነሳ የቀድሞው ኃላፊ፣ «ከሳህን ወደ ሳህን እያዛወርሽ በሕይወት አቆዪልኝ» ብለው አደራ ሰጧት። እትዬ ሳህን አደራውን አልበላችም። አሮጌው ሳህን ሳይደርቅ በየወሩ ከእሱ ትንሽ ቆንጥራ ወደ አዲስ ታዛውራለች። ኃላፊው ጡረታ ወጡ፤ ተማሪዎች መጡ ሄዱ፤ መብራትም መጣ ሄደ፤ እሜቴ ግን ከእሷ እጅ አልወጡም። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ባዕድ ተህዋስ በሳህኖቿ ገብቶ አያውቅም። በአፏ አትናገረው እንጂ በዚህ ትኮራ ነበር።

ሚጡ የመጣችው ለሦስተኛ ዲግሪዋ ነው። ቁመቷ አጭር፣ እግሯ ፈጣን፣ ምላሷም ከእግሯ የማይተናነስ ልጅ ነች። ስሙን ያወጣችላት እትዬ ሳህን ራሷ ነች። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሚጡ አንዱን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ዓይኗን አጨንቁራ አየችው።

«እትዬ፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«ቀይ ነዋ።»

«ይሄ ቀይ ነው?»

«የእሜቴ ቀይ ነው፤ ድሮም ይሄው ነው።»

«ይሄማ ሐምራዊ ነው። አንቺ በየቀኑ ስለምታይው ነው ያልታወቀሽ።»

እውነቷን ነበር። አብሮ የሚኖር ልጅ ቁመት ሲጨምር እንደማይታወቅ፣ ቀለሙ ቀስ በቀስ ሲጠቁር ማንም ልብ አላለውም። ሚጡ ሐምራዊውን ነጥላ አወጣችው። ከዚያ ቀዩ ነገር ንክች ሊያደርገው ያልቻለ አንድ ክፉ ጀርም በዘራችበት ሳህን መሐል ጠብ አደረገችው። በማግስቱ ሳህኑ ሁሉ ጀርም ለብሶ፣ በጠብታው ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ባዶ ክብ ተገኘ። ጀርሙ ሐምራዊውን ሸሽቶታል። ሚጡ ሳህኑን ይዛ ኮሪደሩን ስትሮጥበት የሰማ ሁሉ እሳት የተነሳ መስሎት ከየክፍሉ ብቅ አለ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገው አዩት። እትዬ ሳህን የዚያን ቀን ሻይ ስትቀዳ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ ማንም አላማረረም።

ሚጡ ሥራዋን ሁሉ በሐምራዊው ላይ መሠረተች። ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ነው ስልኩ የተደወለው።

የደወሉት የሌላ ቤተ ሙከራ ሰዎች ናቸው። ስለ ሐምራዊው ሰምተው እሜቴን ከዘር ማከማቻ አስመጥተው ዘርተዋቸዋል። ቀይ ሆኑ። ሐምራዊ የሚባል ነገር የለም፤ ባዶ ክብም የለም። ዶክተሩ ስልኩን ዘግተው ወደ ዝግጅት ክፍሉ ሲገቡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ሳህናችሁ ላይ ባዕድ ገብቷል ነው የሚሉት» አሉ። «ሐምራዊው የሌላ ባክቴሪያ ነው፤ እሜቴ አይደሉም ይላሉ።»

«አይሆንም» አለች ሚጡ።

«ይሆናል። በየቤተ ሙከራው የሚሆን ነገር ነው። ባዕድ ከሆነ ደግሞ እዚህ ቤት መቆየት የለበትም፤ ሌላውንም ይበክላል። ሐምራዊዎቹን ሰብስባችሁ ጉልቤው ውስጥ ጨምሩ።»

ሚጡ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ አለች። ያ ሁሉ የደከመችበት ነገር ውሃ ሊበላው ነው። እትዬ ሳህን ደግሞ ገንዳው አጠገብ እንደቆመች ደርቃ ቀረች። ባዕድ በሳህኑ የሚገባበት አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም የእሷ እጅ ነው። እሜቴን ከሳህን ወደ ሳህን ሌላ ሰው አዛውሮ አያውቅም። ማንም ይህን አልተናገረም፤ አለመናገራቸው ይብስ አንገበገባት። ሳህኖቹን አንድ በአንድ በሽቦ ቅርጫት ደረደረች፣ ቅርጫቱን ጉልቤው ደጃፍ አስቀመጠች። በሩን ልትከፍት እጇን ሰደደችና መለሰችው።

«ዶክተር» አለች፣ ድምጿ ለራሷም እየከበዳት፣ «ጉልቤው የትም አይሄድም። እነሱም እዚሁ ናቸው። እስኪጣራ ቢቆዩስ?»

ዶክተሩ ቅርጫቱን አዩ፤ ሚጡን አዩ። «ታሽገው ይቆዩ» አሉ። «በምን ልናጣራ ነው ግን?»

ሚጡ ቀና አለች። «ደረቅ ዘር አለን አይደል? የቀድሞው ኃላፊ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት፣ መሳቢያው ውስጥ ያለው ብልቃጥ። እሱ መብራት አይፈልግም። እናስነሳውና ጂኑን ከሐምራዊዋ ጋር እናነጻጽር። ባዕድ ከሆነች ከራስ እስከ እግሯ ትለያለች። የእሜቴ ልጅ ከሆነችም ይታወቃል።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ። ሐምራዊዋ የቤት ልጅ ነች ወይስ ባዕድ?

የዚያን ዕለት ማታ እትዬ ሳህን ቤቷ ስትገባ ባሏ በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ነበር። የጨርቅ ቁርጥራጭ እንደ ወትሮው እስከ በሩ ድረስ ተበትኗል።

«ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብሽ?» አላት ቀና ሳይል። «ጫማሽን ስትጎትቺ ከውጭ ሰማሁሽ።»

ነገረችው። ባሏ ሲሰማ እግሩን ከመኪናው መርገጫ ላይ አነሳ፤ እሱ መኪና አቁሞ ሲያዳምጥ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ያንቺ እጅ ባዕድ የሚያስገባው? እኔን እንኳን እጄን ሳልታጠብ ማዕድ አቅርበሽልኝ አታውቂም።»

«አንተ ትቀልዳለህ።»

«ሥራዬ ነው። ሰው ልብስ ሲለካ ካልሳቀ ትከሻው አይለካም።»

ሻይ አቀረበችለትና መቀመጫ ስትፈልግ፣ ግድግዳው ላይ ከሚስማር የተንጠለጠሉት ካርቶኖች ዓይኗን ያዙት። ባሏ ልብስ የሚቀድባቸው ልኮች ናቸው። በየቀኑ ታያቸዋለች፤ ጠይቃ ግን አታውቅም።

«የካፖርቱ ካርቶን ለምንድነው ሁለት የሆነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንድ ካፖርት፣ ሁለት ካርቶን።»

ባሏ ጥያቄው ደስ አለውና ተነስቶ ሁለቱንም አወረዳቸው። «ይሄኛው ዋናው ነው። ደንበኛ ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው፤ በመቀስ ብነካው ምን ይዤ እቀራለሁ? ጠርዙ ሲያልቅብኝ ግን ገልብጬ ይሄን ሁለተኛውን አወጣሁ። ዋናው በእጄ ሳለ በሁለተኛው ምን አስፈራኝ? ኮሌታውን ክብ አደረግሁት፤ አማረ። ወገቡን ጠበብ አደረግሁት፤ ደግሞ አማረ። እያለ እያለ ይኸው ሌላ ካፖርት ሆነ። የሴቶቹ ካፖርት ከየት መጣ መሰለሽ?»

«ከዚህ ነው?»

«ከዚህ ነው። አንድ ካርቶን ብቻ ቢኖረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ የወንድ ካፖርት ስሰፋ እኖር ነበር።»

እትዬ ሳህን ካርቶኖቹን ደራርባ አየቻቸው። እጅጌው አንድ ነው፤ ጀርባው አንድ ነው፤ ኮሌታው ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ያኔ ነገሩ ለእሷ የካፖርት ወሬ ብቻ ነበር።

ደረቁን ዘር ያስነሱት ሦስቱም አንድ ላይ ሆነው ነው። ብልቃጧ ከጣት ትንሽ ትበልጣለች፤ አፏ በእሳት ቀልጦ ተዘግቷል። እትዬ ሳህን የብልቃጧን አንገት በቀጭን ሞረድ ገዝገዝ አደረገችና በአልኮል በራሰ ፋሻ ጠቅልላ ቀጭ አደረገቻት። ውስጡ የነበረው ብናኝ ከቡና ማንኪያ ጫፍ አይበልጥም። መረቅ ላይ ዘሩት፤ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አስገቡት፤ ጠበቁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ክዳኑ ከመነሳቱ በፊት፣ ያ የዝናብ ሽታ መጣ።

«እሜቴ ተነሱ» አለች ሚጡ።

ተነስተዋል፤ ግን ቀይ ናቸው። ደማቅ፣ ጥርት ያለ፣ አንድም ሐምራዊ የሌለበት ቀይ። እትዬ ሳህን ይህን ቀይ አወቀችው። በሙሽርነቷ ዘመን ያየችው ቀይ ነበር፤ የረሳችው መሆኑንም ያወቀችው አሁን ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ እናትና ልጅ ቀርቶ ጎረቤታሞች እንኳ አይመስሉም። ዶክተሩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሚጡ ከሁለቱም ናሙና ወስዳ ጂን ወደሚያነበው ማሽን ላከች። ማሽኑ ያለው በዋናው ሕንጻ ስለሆነ ወረፋ መጠበቅ ግድ ነው።

ዶክተሩ መጠበቅ አልቻሉም። «እትዬ፣ አይክፋዎት» አሉ፣ እጃቸውን እያፋተጉ። «እሜቴን እንደ ወትሮው ያዛውሩ። እኛ ዳር ቆመን እንይ። ባዕዱ በየት እንደገባ ፍንጭ እናገኝ ይሆናል።»

አልከፋትም ማለት ውሸት ነው። ሆኖም ጠረጴዛውን በአልኮል ወለወለች፣ ነበልባሉን ለኮሰች፣ ከታሸጉት አንዱን ሳህን አምጥታ ተቀመጠች። ጫፏ ቀለበት የሆነችውን ሽቦ እስክትፋጅ አጋየቻት፤ አበረደቻት። ክዳኑን ገርበብ አደረገች። ሳህኑ ላይ መንደሮቹ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ተዘርተዋል። ሽቦዋ ሳታመነታ በሁሉም ላይ አልፋ ጥግ ላይ ካለችው አንዲት መንደር ደረሰች፤ ቆንጠር አድርጋ አነሳች።

«እትዬ፣ ቆይ ቆይ» አለች ሚጡ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ለምን እሷን አነሳሽ?»

«የቷን?»

«አሁን ያነሳሻትን። ሳህኑ ሙሉ መንደር ተዘርቶ ቀጥ ብለሽ እሷ ጋ ሄድሽ እኮ።»

እትዬ ሳህን ሽቦዋን እንደያዘች ግራ ገባት። ስለዚህ ነገር አስባበት አታውቅም። «እሷ ታምራለቻ» አለች።

«ምኗ?»

«ቀለሟ። ከሁሉም ደመቅ ያለች እሷ አይደለች? እየመረጠ የወየበውን የሚያነሳ ማነው?»

ዶክተሩ አንገታቸውን ወደፊት አሰገጉ። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚያነሱት?»

«ታዲያስ። ገበያ ሎሚ ስመርጥም እንዲሁ ነኝ።»

«ከጥንት ጀምሮ? በየወሩ? ደመቅ ያለችውን?»

«ዶክተር፣ ደንቡ ካልሆነ እተዋለሁ።»

ሚጡ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና በክፍሉ ውስጥ መዞር ጀመረች፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ዞራ ዞራ ዶክተሩን ገጨቻቸው። ዶክተሩ ግን አልተሰማቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው መሳቅ ጀምረዋል። እሳቸው ሲስቁ የሚታየው ከስንት አንዴ ስለሆነ እትዬ ሳህን ደነገጠች።

«እኔ መስኮቱን እጠረጥራለሁ፣ አየሩን እጠረጥራለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ደንቡ ላይ እኮ 'ከብዙዎቹ ቀላቅሎ ማንሳት' ነው የሚለው። እትዬ ግን ያማረችውን ብቻ።»

«ይህ ጥፋት ነው?»

«እትዬ፣ ስሚኝ» አለች ሚጡ፣ ፊት ለፊቷ ተንበርክካ። «እነዚህ መንደሮች ሁሉ አንድ አይነት አይደሉም። ጂናቸው ሲገለበጥ እዚህ አንድ ፊደል ይሳሳታል፣ እዚያ አንድ ይሳሳታል። ብዙው ምንም አይለውጥም። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ትንሽ ለየት ትላለች። አፈር ውስጥ ቢሆን ከእነዚህ የምትተርፈውን የሚመርጠው ረሃቡ ነው፣ ድርቁ ነው፣ ጠላቱ ነው። እዚህ ቤት ግን...»

«ግን ምን?»

«አንቺ ነሻ። ይህን ሁሉ ዘመን ስትመርጪ የኖርሽው አንቺ ነሽ።»

እትዬ ሳህን ሽቦዋን አየቻት። ሽቦዋ ያው ሽቦ ነች።

«ገና አልተረጋገጠም» አሉ ዶክተሩ፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው። ግን ፊታቸው ላይ የነበረው አመድ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጥበቃ ጥበቃ አይባልም። ሚጡ ወንበር ላይ አትረጋም። ዶክተሩ ወደ ዋናው ሕንጻ ያልተጠሩበትን ስብሰባ እየፈጠሩ ይሄዳሉ። እትዬ ሳህን አንድ ሳህን ላይ አረፋ አስነስታ፣ ሳታስተውለው ክዳኑን ገጠመች። ቤት ስትገባ ባሏ፣ «ዛሬስ? ልጅቷ ያንቺ ሆነች?» ብሎ ይቀበላታል፤ እሷም «ገና ነው፤ ልቤን አታንጠልጥለው» ትለዋለች።

ውጤቱ የመጣው ሁሉም ምሳ ሊወጡ ሲሉ ነው። ምሳው ቀረ። ሚጡ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤ ዶክተሩ ከኋላዋ ቆሙ፤ እትዬ ሳህን በሩ ላይ ቀረች።

«ምን ይሠራሉ እዚያ? ይምጡ እንጂ» አሉ ዶክተሩ፤ ወንበራቸውንም ሳቡላት።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ረጃጅም የፊደል መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድመዋል። የላይኛው ከደረቁ ብልቃጥ የተነሱት እሜቴ ናቸው። የታችኛው ሐምራዊዋ ነች። ፊደል ከፊደል የሚገጥምበት ቦታ አረንጓዴ ይሆናል፤ የማይገጥምበት ቦታ ይቀላል። ባዕድ ብትሆን መስመሩ ሁሉ ቅልት ማለት ነበረበት። ሚጡ ማሸጋገር ጀመረች። አረንጓዴ። አረንጓዴ። ደግሞ አረንጓዴ። አንዳንድ ቦታ ነጠላ ቀይ ነጥብ ብልጭ ይልና ያልፋል፤ ከዚያ እንደገና አረንጓዴ ይተካል። እትዬ ሳህን የፊደሎቹ ትርጉም ባይገባትም ቀለም ታውቃለች፤ ዓይኗ ከስክሪኑ አልተነቀለም።

«ከራስ እስከ እግሯ አንድ ነች» አለች ሚጡ፣ ድምጿ እየቀጠነ። «የእሜቴ ልጅ ነች። የቤት ልጅ ነች።»

እትዬ ሳህን ሳታስበው የሚጡን ትከሻ ጨበጠች። እዚያው ትከሻ ላይ ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች።

«አቁሚ» አሉ ዶክተሩ። «ወደኋላ መልሺ። እዚህ ጋ።»

የቀዩ ነገር ሠራተኞች የተጻፉበት ቦታ ደርሰዋል። በእናትየው መስመር ላይ አንድ ጂን አለ። በልጅቷ መስመር ላይ ያው ጂን ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ቆሟል። የመጀመሪያው ከእናትየው ጋር አንድም ፊደል አይለያይም። ሁለተኛው ላይ ግን እዚህም እዚያም ቀይ ነጥብ አለ፤ የሚበዛውም አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቧል።

ዶክተሩ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኖሩ። መናገር ሲጀምሩ ቃላቸው ይሽቀዳደም ነበር። «ይህ ሠራተኛ ድሮም እጁ አልፎ አልፎ ይስት ነበር ማለት ነው። ቀዩን ሲሠራ ውሎ በመሐል ጥቂት ሐምራዊ ጣል ያደርጋል። ጥቂት ስለሆነ ማንም አያየውም፤ እሜቴንም አይጎዳቸውም። ከዕለታት በአንዱ፣ በአንዲት መንደር ውስጥ፣ ጂኑ በስህተት ሁለት ጊዜ ተገለበጠ። ሠራተኛው ሁለት ሆነ። ሐምራዊውም በዚያው ልክ ጨመረ፤ መንደሯም ከሌሎቹ ደመቅ አለች። ማን አያት?»

ሚጡ በአገጯ ወደ እትዬ ሳህን አመለከተች።

«እትዬ አነሷት። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሠራተኛ የጥንቱን ሥራ ስለሚሠራ፣ ሁለተኛው ቢለወጥ ቀዩ አይጎድልም። እጁ ተፈታ። ትንሽ ተለወጠ፣ ደመቀች፣ አነሷት። ደግሞ ትንሽ ተለወጠ፣ ደግሞ አነሷት። በመጨረሻ ሐምራዊ ብቻ የሚሠራ ሌላ ሠራተኛ ሆነ። በየአፈሩ ያሉት ባክቴሪያዎች ያን ሁሉ ዓይነት መድኃኒት መሥራት የቻሉት በአንድ መንገድ ባይሆንም፣ ይህ አንዱ መንገዳቸው ነው። በዓይናችን እናየዋለን ብዬ ግን...» መነጽራቸውን አወለቁ።

እትዬ ሳህን ስክሪኑን እያየች ካርቶኖቹን ነበር የምታየው። እጅጌው አንድ፣ ጀርባው አንድ፣ ኮሌታው ላይ ሲደርሱ ልዩ። «የባሌ ካፖርት» አለች ለራሷ።

«ምን አልሽ?» አለች ሚጡ።

«ምንም። ማታ የምነግረው ነገር አገኘሁ።»

ዶክተሩ እዚያው ቆመው ለሌላው ቤተ ሙከራ ደወሉ። «እናንተም ልክ ናችሁ፣ እኛም ልክ ነን» ሲሉ ተሰማ። «እናንተ ዘንድ ያሉት እናትየው ናቸው። እኛ ዘንድ ያለችው ልጅቷ ነች። እንልክላችኋለን፤ ራሳችሁ አንብቧት።» ከወዲያኛው በኩል ጥያቄው እንደ ዶፍ ወረደ። ዶክተሩ ስልኩን ለሚጡ አቀበሏት፤ ሚጡም ወንበሯ ላይ እየተሽከረከረች መመለስ ያዘች።

እትዬ ሳህን ማንም ሳያያት ወደ ዝግጅት ክፍሉ ገባች። የሽቦ ቅርጫቱ አሁንም ጉልቤው ደጃፍ ተቀምጧል። አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሐምራዊዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች፣ ማሸጊያቸውን እያላቀቀች፣ መደርደሪያው ላይ ከቀዮቹ ጎን ደረደረቻቸው።

«ባዶ እንፋሎትህን ጠጣ» አለችው ጉልቤውን።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ አዲስ ሐሳብ ይዘው መጡ። «እንድገመው» አሉ። «ከደረቁ ዘር ከተነሱት እሜቴ እንጀምር። አንዱን መስመር እትዬ እንደ ልማድዎ ያዛውሩ። ሌላውን መስመር ሚጡ ዓይኗን ጨፍና ታንሳ። የእትዬ ወደ ሐምራዊ ሄዶ የሚጡ ቀይ ሆኖ ከቀረ፣ ከዚህ በኋላ ማንም አፉን አይከፍትብንም።»

«ዘመን አይፈጅም?» አለች ሚጡ።

«ይፍጅ። ዕድሜያችንን በምን ልንጨርሰው ነው?»

ሚጡ ወዲያው የአንገት ልብሷን ፈትታ ዓይኗን አሰረች። ሽቦዋን ይዛ ስትዳብስ መጀመሪያ የሳህኑን ጠርዝ፣ ቀጥሎ የዶክተሩን እጅጌ ነካች። በስተኋላ ግን አንዲት መንደር አነሳች። «ያማረች ነች?» ብላ ጠየቀች ከጨርቁ ሥር።

«ፉንጋ ነች» አሉ ዶክተሩ።

ተራው የእትዬ ሳህን ሆነ። ሽቦዋን አጋየች፣ አበረደች፣ ክዳኑን ገርበብ አደረገች። ከሥሯ የሙሽርነቷ ቀይ ተዘርግቷል። ሁሉም ቀይ ናቸው፣ ሁሉም ያምራሉ። እጇ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ ቀረ። አንዷን ልታነሳ ትላለች፣ ወደ ሌላዋ ታያለች። ከዚች የምን ልጅ ትወጣ ይሆን? ከዚያችስ? ጉንጯ ጋለ፤ ሳቋም አፈናት።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሚጡ፣ ጨርቁን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ።

«እጄ አፈረ» አለች እትዬ ሳህን። «ሳላውቅ ይሻለኝ ነበር።»

«አታስቢው። ገበያ እንደወጣሽ ቁጠሪው። ሎሚ ምረጪ።»

እትዬ ሳህን ትከሻዋን አላላች፣ ትንፋሿን አወጣች፣ ሳህኑን እንደ ሎሚ ክምር ቁልቁል አየችው። መሐል አካባቢ፣ በሁለት ትልልቅ መንደሮች መካከል ተሸጉጣ፣ አንዲት ትንሽዬ ቀይ አለች። ከሌሎቹ በምንም አትለይም ሊባል ይችላል። ግን ጠርዟ ላይ፣ ብርሃኑ ሲነካት፣ የሆነች ደመቅ ያለች ነገር አለች።

ሽቦዋ ቀጥ ብላ ወደ እሷ ወረደች።